ክፍት ማዕድ፣ ዝግ መታጠቢያ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የሐምሌ ዶፍ ጣራውን ሲደበድብ፣ ዳይሬክተሩ ዶክተር ልዑልሰገድ ከምሳ ገበታው ራስ ቆመው አወጁ፦ «የሠራነው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ኮዱን ወስዶ ያሻሽለው! ኮዱን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ግን ፈቃድ የገዛ ብቻ የሚጠቀምበት ይሆናል።»

አንዲት ፕሮግራመር ማንም ያለ ክፍያ ለሚያገኘው ለሌላው፣ ለነጻው ኮምፓይለር ተከራከረች።

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢ! የቱ ይፈጥናል? በአንድ ቃል መልሺ፤ አለዚያ ከቡድኑ ውጪ!»

«የእርስዎ።»

ዳይሬክተሩ በድል ፈገግ ብለው «በሉ ታጥበን እንብላ!» ሲሉ፣ ፕሮግራመሯ ቀድማ ተነሥታ የእጅ መታጠቢያውን ክፍል ቆለፈች።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«ማዕዱማ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ጌታዬ፤ ፈቃድ የሚጠይቀው መታጠቢያው ብቻ ነው።»

ገበታው በሳቅ ተናወጠ፤ እርሳቸውም ሳቁ። ስርዓቱም በነጻው ኮምፓይለር ተገነባ። ፍጥነቱ ግን ጥቂት ቀነሰ።