ሳይጻፍ የቀረው አራት እጅ

ይህን በመናገሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁም ነገር ለሚወድ ሰው የሚያሳፍር ታሪክ ነው፤ ሰርግ አለበት፣ ሳቅም አለበት። ግን ጥያቄው ተጠይቋል፤ ምን ይደረግ።

ጠያቂዋ ማስተዋል የምትባል የኮምፒውተር ተማሪ ናት። ፎቶ አይቶ እንስሳውን የሚለይ ፕሮግራም ሠርታለች። ፕሮግራሙ አንዱን ፎቶ «ጅብ 54 በመቶ፣ ውሻ 43፣ ሌላ 3» አለው።

«መምህር፣ ከፎቶው በላይ ‹ጅብ› ብዬ ብቻ ብጽፍ ምን አለበት? ቁጥር ርዕስ ያበላሻል» አለች።

መምህር ወልደሰንበት ፎቶውን ገና አላዩትም። መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦

«አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ኮረብታ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ማየት ነው። የቀጠረው ባለጸጋ ጆሮው ስለማይሰማ መጮህ አይጠቅምም። ስለዚህ ያየውን በብራና ይሥላል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከቅዱሳኑ ራስ በላይ ስማቸውን እንደሚጽፍ፣ እሱም ከሥዕሉ በላይ በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ ድንጋይ ላይ ጠቅልሎም ቁልቁል ይለቀዋል። በእጅ ጽሑፉ የሚኮራ ሰው ነበር።

ባለጸጋው ልጁን በሚድርበት ቀን፣ ሰውየው ከገደሉ ማዶ አቧራ አየ። በአቧራው ውስጥ ፈረሶች፣ በፈረሶቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር። ‹ከአሥር እጅ ስድስቱ የወታደር ጦር ነው፤ አራቱ የሰርገኛ ጃንጥላ› ብሎ አሰበ። በዚያ ዘመን ወታደር የገባበት ግቢ ድግስ አይተርፍለትም። ብራናውን ቢያይ ከሥዕሉ በላይ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ‹ወታደር› ብሎ ጻፈ። ቃሉ በቀይ ቀለም ሲያዩት ያምር ነበር።

ግቢው ተሸበረ። ጠጁ ወደ እህል ጉድጓድ ወረደ፤ ሙሽሪትም ከጠጁ ጋር ወረደች። በሩ በግንድ ተቀረቀረ፤ ሎሌዎቹ ዱላቸውን ጨብጠው ‹አናስገባም!› አሉ።

ውጭ የቆመው ግን ሙሽራው ነው። እንደምታውቂው ሰርገኛን በር ላይ መከልከል ወግ ነውና ሚዜዎቹ ደስ አላቸው። ‹ወግ አዋቂ ቤት መጣን!› ብለው ጨፈሩ። ድንጋይ ሲወረወርባቸውም ‹አቤት አቀባበል!› አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሙሽራው አጎት ያበጠ ግንባሩን ዳሰሰ። ‹ይህስ ወግ አይደለም፤ ንቀት ነው። ፈረሱን አዙሩ!›

ሰውየው ያን ያልጻፈውን አራት እጅ ሲያስብ ውሎ ነበር። ከኮረብታው እየሮጠ ወረደ፤ የሚሰማው ቢያጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍቶ ‹እመቤቴ፣ አራት እጅ ሰርገኛ ነው!› አለ።

‹አራት እጅማ ብዙ ነው፤ አንተ የማትረባ!› ብላ ሙሽሪት ወጣች። ገለባ በጠጉሯ እንደተሰካ፣ ሎሌዎቹን ገፍትራ ግንዱን አነሣችና በሩን ከፈተች። ሙሽሪት በገዛ እጇ በር ስትከፍት ያ አገር ያን ቀን ብቻ አየ። የእልልታውን ነገር ተይው፤ ያ የማይሰማው ባለጸጋ እንኳ ‹ሰማሁት› እያለ እስኪሞት ይምል ነበር።

ሰውየው ቅጣት ሲጠብቅ ‹ከእንግዲህ አራቱንም ጻፍ› ብቻ ተባለ። ለፋሲካ እንግዳ ሲመጣ ‹ከሺህ እጅ አምስት መቶ ሠላሳ ሰባቱ፣ ከአንዱም እጅ ሩብና ስምንተኛው...› እያለ ሲጽፍ እንግዶቹ በልተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን አሳጠረ።»

መምህር ወደ ማስተዋል ዞሩ። «ኮረብታው ላይ ያለው ሰው ፕሮግራምሽ ነው። ጠባቧ ቦታ ርዕስሽ ናት፤ በሩ ውስጥ ያለነው ደግሞ እኛ አንባቢዎችሽ ነን። ‹ጅብ 54፣ ውሻ 43፣ ሌላ 3› ብለሽ ጻፊ፤ ክፍልፋዩን ተይው። ድንጋይ ያነሣ ሰው አርባ ሦስቱን ሲያነብ ቆም ብሎ ያያል። እስቲ አሁን ፎቶውን አሳዪኝ።»

አሳየቻቸው። መምህር መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ቀረብ አሉ።

«እንዴ! ይሄ የእኔ ቡቺ አይደለም?»

እባካችሁ ይህን ለማንም አትድገሙት። ቡቺ ከሰማ ይቀየማል።