በባዶ ቤት የሚጮኽ ስልክ

ዘርትሁን የምትባል አንዲት ሴት ወደ አንድ የሃይማኖት መምህር መጥታ ጠየቀች። ከታናሽ እህቷ ጋር ተጣልተው ከተለያዩ ቆይተዋል።

«አባ፣ እህቴን በልቤ ይቅር ካልኳት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቂም የለኝም፤ በጸሎቴም አነሣታለሁ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠችም። ከዚህ በላይ ከእኔ ምን ይጠበቃል?»

መምህሩም ይህን ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤት ቀየረ።

ሰውየው በማተሚያ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ የአብራኩ ክፋይ የለውም። የማተሚያው ጩኸት ጆሮውን ስላደከመው በሞባይል ሲያናግሩት አይሰማም፤ ስለዚህ ሞባይል አልያዘም። የቤት ስልኩ ግን ደወሉ እስከ ጓሮ ድረስ ይሰማ ነበር።

ወንድሙ ሲሞት ትቷት የሄደውን ልጅ፣ ትርሲትን፣ እንደ ልጁ አሳደጋት። አስተምሯት አዋላጅ ነርስ ሆነች፤ ወደ መቱ ከተማ ተመድባ ሄደች። እሑድ እሑድ ትደውልለታለች። ኋላም በስልኩ መስመር ኢንተርኔት አስገባችለትና ታብሌት ገዝታ ሰጠችው፤ ፊቷን እያየ ያናግራት ጀመር። እሱ ግን አንድም ቀን ደውሎላት አያውቅም። «ታናሽ ለታላቅ ይደውላል እንጂ ታላቅ ለታናሽ ይደውላል እንዴ?» ይል ነበር።

አንድ እሑድ ትርሲት እንዲህ አለችው፦

«አባዬ፣ ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው አለ። እኔም ወድጄዋለሁ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ዘመዶቹንም አታውቃቸውም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ያንተን ቃል ልስማ ብዬ ነው።»

ሰውየው ደስ አላለው። «የማን ልጅ እንደሆነ ሳላውቅ ምን ልበልሽ? አስብበታለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው። ቤት ሊቀይር መሆኑን በዚያች እሑድ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ከቁጣው የተነሣ ሳይነግራት ቀረ።

በዚያው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። የድሮው ሰፈር ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ ስለሆነ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሶት ነበር። «ለአዲስ ቤት አሮጌ ስልክ አይሆንም» ብሎ አዲስ ስልክ ገዛ፤ አሮጌውን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተወው። አዲሱ ቤት እንደገባ ስልኩንና የኢንተርኔቱን ሳጥን ባገኘበት ቀዳዳ ሰካካቸው። ሳጥኑ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያገኝ መብራቱን ቦግ አደረገ። ሰውየውም «ይኸው ሠራ» አለ።

ከታችኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ዕቃ ልታግዘው ወጥታ ነበርና ይህን አይታ፣ «ጋሼ፣ መስመሩን አዛውረዋል? ቴሌ ሄደው ቤት ቀይሬያለሁ ካላሉ እኮ ስልኩ አይከተልዎትም» አለችው።

«የገዛ ስልኬ ነው፤ ቁጥሩም የእኔ ነው። የት ይቀራል ብለሽ ነው?» አላት።

እሷም አፈረችና ተወችው።

ሰውየው በአዲሱ ቤት ብቻውን ሲቀመጥ የትርሲትን ነገር ያወጣ ያወርድ ጀመር። በመጀመሪያ የተናደደበት ቀን ይበዛል። አንድ ጠዋት ግን በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ አማቱ ትዝ አሉት። «እኔስ ብሆን እንግዳ አልነበርኩም? አገሬን በዝና እንኳ አያውቁትም ነበር። ዓይኔን አይተው ልጃቸውን ሰጡኝ፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም» አለ። ልቡ ተመለሰ። «እሺ እላታለሁ» ብሎ ቆረጠ። ሽማግሌዎች ሲመጡ የሚለብሰውን ጋቢ አሳጠበ። ከዚያ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ እሑድን ጠበቀ።

እሑድ መጣ፤ አልደወለችም። ሌላም እሑድ መጣ። ስልኩም ታብሌቱም ዝም አሉ። በመጀመሪያ ሰጋ። ከዚያ ተከፋ። ውሎ ሲያድር ነገሩ መረረው። ጎረቤቲቱ ሐሳቡን አይታ፣ «እርስዎስ ለምን አይደውሉላትም?» ብትለው፣ «ጥያቄውን ያመጣችው እሷ ናት፤ መልሱንም ትምጣና ትውሰድ። በሬ ክፍት ነው» አላት።

እጀታውን አንሥቶ ጆሮው ላይ አድርጎ እንኳ አልሞከረም። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ፎቶግራፏን ከግድግዳ አውርዶ ከልብሱ ሥር ከተተው። «ለካ የእኔን እሺታ አትፈልገውም፤ አሳድጌ አጣኋት» እያለ ያለቀሰበትም ቀን ነበር።

መስከረም ላይ የድሮው ሰፈር ሊፈርስ ነው ሲባል ሰማ። የበሩንና የመስኮቱን እንጨት ነቅሎ ሊወስድ ሄደ። ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ አልቋል። ቁልፉን በሩ ውስጥ ሲከት ከውስጥ ጩኸት የሰማ መሰለው። በጆሮው ስለማይተማመን ለአፍታ ቆመ። ከዚያ በሩን ገፋው። ምንም ዕቃ በሌለበት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ፣ አሮጌው ስልክ ይጮኻል።

አነሣና «ሃሎ» አለ።

በወዲያኛው በኩል የሴት ልጅ ድምፅ፣ «አባዬ፣ አነሣኸው?» አለ።

«ትርሲት! ምነው ልጄ? ምነው ጨከንሽብኝ?»

«እኔ ነኝ የጨከንኩት? ከዚያች እሑድ ወዲህ ሳልደውል የዋልኩበት ቀን የለም። ይጠራል፤ አታነሣውም። ታመመ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ የማኅበርህን ሰዎች ሳጠያይቅ ደህና ነው ብቻ አሉኝ፤ ቤት መቀየርህን የነገረኝ የለም። ያን ጊዜ ተቀይሞኝ ነው አልኩ። ልጁንም ‹አባዬ እሺ ካላለ አላገባህም› ብዬ መለስኩት።»

ሰውየው ወንበር ስለሌለ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እኮ እሺ ካልኩ ቆየሁ» አላት።

«ለማን?» አለችው።

«ለራሴ» አላት። ትርሲት እያለቀሰች ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

የዚያን ቀን በርም መስኮትም አልነቀለም። በቀጥታ ወደ ቴሌ ሄደና ነገሩን አስረዳ። ሠራተኛዋ በአክብሮት አስቀምጣው፣ «አባባ፣ ከዚያ ቤት ከወጡ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖዎት እስካሁን ለምን አልነገሩንም? እርስዎ ካልነገሩን መስመሩ የሚያውቀው የድሮውን ቤት ነው» አለችው።

«እኔ የሄድኩበት ሁሉ የሚከተለኝ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» አላት።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ባለሙያው መጥቶ ሽቦውን ዘረጋ። ያው የድሮው ቁጥር በአዲሱ ቤት ሠራ፤ ኢንተርኔቱም አብሮ መጣ። ባለሙያው «ይሞክሩት» አለው። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየተጫነ ለትርሲት ራሱ ደወለላት። በሥራ ላይ ነበረችና ስታነሣ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ብላ ጮኸች። «ምንም አልሆንኩም። ያን ልጅ ሽማግሌ ይላክ በይው» አላት።

ልጁም ተስፋ ሳይቆርጥ ይጠብቃት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች እያለከለኩ አራተኛው ፎቅ ድረስ ወጡ። ሰውየው የታጠበውን ጋቢ ለብሶ ተቀበላቸውና፣ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ጠይቆ ከሰማ በኋላ፣ «ሰጥቻለሁ» አላቸው።

መምህሩ ይህን ተናግረው ወደ ዘርትሁን ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺም ቤት ቀይረሻል። ከቁጣ ወጥተሽ ይቅርታ ውስጥ ገብተሻል። መልካም ቤት ነው፤ ይባርክልሽ። እህትሽ ግን የምታውቀው የድሮውን ቤትሽን ነው። በልቧ ወደዚያ ትጣራለች፤ የሚመልስላት ስታጣ ‹አሁንም እንደተቆጣችኝ ናት› ትላለች። አንቺም እዚህ ተቀምጠሽ ‹አልመጣችም› ትያለሽ። በልብሽ ያለውን ይቅርታ እግዚአብሔር ያየዋል። እህትሽ ግን ሰው ናት፤ ካልነገርሻት በምን ታውቃለች?»

ዘርትሁን አንገቷን ደፋች። «ታላቋ እኮ እኔ ነኝ፣ አባ» አለች።

«እንግዲያ መንገዱን ማሳየት ያንቺ ነው» አሏት። «ያ ሰው የልጁን ድምፅ የሰማው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ስለደረሰ ነው። አንቺ እንዲህ ያለ አጋጣሚ አትጠብቂ። እህትሽ ደህና ናት፤ ቤቷንም ታውቂዋለሽ። ሂጂና ‹ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ፤ ሳልነግርሽ ቀረሁ› በያት።»