ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር

ተረት ቢሉ ተረት፣ የጓዝ ተረት። የተሸከመ ያውርድ፣ የቆመ ይቀመጥ፣ እኔም ልጀምር።

በአንድ ደጋ ከተማ ደርብ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ተከራይቶት የነበረው ቤት ለመንገድ ሲፈርስ መግቢያ አጣና፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አጭቆ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ማደር ጀመረ። ያለውን ሁሉ ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ። አንድ ብርድ ልብስ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ከአባቱ የወረሰው የግንብ መለኪያ ቱንቢ፣ በቃ። ሰኞ ጠዋት ታዲያ ቀናው፤ ከገበያው በላይ ግንብ የሚያስገነባ ፎርማን የእጁን ሥራ አይቶ ወደደለት። መሣሪያህን በእጅህ ይዘህ ግባ፣ ከረጢት ግን አይገባም፣ ዕቃ እየወጣብን ተቸግረናል፣ እስከ ዓርብ ቦታህን እይዝልሃለሁ አለው። ከረጢቱን አጥር ሥር ቢተወው ማታ አያገኘውም። ደርብ የፈለገው እንግዲህ ይህችን ብቻ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጓዙን የሚያስቀምጥለት ሰው።

እትዬ ይርገዱ ዘንድ ሄደ። እትዬ ይርገዱ በሰፈሩ መግቢያ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ በክረምቱ ዝናብ ሲጥል ከበረንዳው ተጠለል ብለውት ያውቃሉ። ጥያቄውን ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ በሩ ጀርባ ሄደ። እዚያ ጃንጥላ የሚሰቅሉበት ሚስማር አለ፤ በጋ ስለሆነ ባዶውን ነበር። ግን ነገ አንድ ነገር ቢጠፋስ፣ ሰውስ ምን ይለኛል ብለው ፈሩ። የሚያውቅህ ሰው ይመስክርልህና አስቀምጥልሃለሁ፣ የሰፈሩን ዘበኛ ጋሽ ጥጋቡን ጠይቅ አሉት።

ማክሰኞ ጋሽ ጥጋቡን ጠየቀ። ጋሽ ጥጋቡ ያውቁታል፤ ያውም ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሰላም ሲባባሉ ነው የከረሙት። አውቀዋለሁ ማለት ደግሞ አንዲት ቃል ናት። እሳቸው ግን የእድር አባል ላልሆነ ሰው መስክሬ ኋላ የእድሩ ዳኛ ቢቆጡኝስ አሉ። ደርብ ከረጢቱን እንደተሸከመ በሱቁ በኩል ሲመለስ ለእትዬ ይርገዱ ነገራቸው። ፎርማኑ ጓዙን አላስገባ አለ፤ እርስዎ ያለ ምስክር አላስቀምጥ አሉ፤ ጋሽ ጥጋቡ ያለ ዳኛው አልመሰክር አሉ። እትዬ ይርገዱ ሳቁ፤ አይዞህ፣ ዳኛው ደግ ናቸው አሉት።

ረቡዕ ዳኛውን አቶ ፈለቀን ጠየቀ። አቶ ፈለቀ ሰው ሲሞት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳን የሚያስተክሉ ብርቱ ሰው ናቸው። ለሞተ ሰው ማንንም አማክረው አያውቁም፤ በሕይወት ያለው ደጃቸው ሲቆም ግን ማሰብ አበዙ። የእድሩ ዕቃ ቤት እያለ ለምን በሱቅ ይቀመጣል፣ ቁልፉን የያዙት አቶ እርገጤ ቦታ አለ ካሉኝ እፈቅዳለሁ አሉ። ደርብ አሁንም በሱቁ በኩል አለፈ። ፎርማኑ ጓዙን አላስገባ አለ፤ እርስዎ ያለ ምስክር አላስቀምጥ አሉ፤ ጋሽ ጥጋቡ ያለ ዳኛው አልመሰክር አሉ፤ አቶ ፈለቀ ያለ ቁልፍ ያዡ አልፈቅድ አሉ። በዚህ ቀን እትዬ ይርገዱ አልሳቁም። ሚስማሩን አየት አደረጉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሐሙስ ደርብ በሱቁ በኩል አላለፈም። እትዬ ይርገዱ እየደጋገሙ ወደ መንገዱ ሲያዩ ዋሉ።

ዓርብ ጠዋት መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ፎርማኑ ጓዙን አላስገባ አለ፤ እርስዎ ያለ ምስክር አላስቀምጥ አሉ፤ ጋሽ ጥጋቡ ያለ ዳኛው አልመሰክር አሉ፤ አቶ ፈለቀ ያለ ቁልፍ ያዡ አልፈቅድ አሉ፤ አቶ እርገጤ ያለ ዕቃ ኃላፊዋ አልከፍት አሉ። የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ደግሞ እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

እውነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መርጠዋቸው ነበር፤ ወንበርና ትሪ ከመቁጠር በቀር ሹመቱ ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ነገሩ ከእሳቸው ደጅ ተነሥቶ ሰፈሩን ዞሮ እሳቸው ደጅ መመለሱን ሲረዱ ፊታቸው በኀፍረት ጋለ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ደርብም ተከተላቸው።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው። እትዬ ይርገዱ ይቀመጥ አሉ፤ አቶ እርገጤ እከፍታለሁ አሉ፤ አቶ ፈለቀ ፈቅጃለሁ አሉ፤ ጋሽ ጥጋቡ አውቀዋለሁ አሉ። አራት ቀን የፈጀው ነገር ግማሽ ሰዓት እንኳ አልወሰደም። ሁሉም ተሰብስበው ወደ ሱቁ ሲመለሱ እትዬ ይርገዱ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ሚስማሩን አሳዩት። ዕቃ ቤትም አያስፈልግ፣ እዚሁ ይሰቀል አሉ።

«በል አምጣው።»

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ጓዝህን ነዋ።»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩት። ትከሻው ላይ ምንም አልነበረም።

«ትናንት አቶ እርገጤ ግቢ ከረጢት ይዘህ አትግባ ተባልኩ» አለ ደርብ። «ከአጥሩ ውጭ አስቀምጬ ገባሁ። ስወጣ ቆሻሻ የሚያነሣው ጋሪ አልፏል።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አስሮጥከኝ?»

«ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ጓዝ ይዞ ይመጣል ብዬ ነው።»

ጋሽ ጥጋቡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ደርብ እጅ ነሥቶ ወደ ግንቡ ሄደ። ፎርማኑም አስገባው፤ እጁ ባዶ ነውና ምን ብሎ ይከለክለዋል። ግን መዶሻና መሮ የሌለው ጠራቢ ምን ይሠራል? ሊጠርብ የሄደ ሰው ድንጋይ ተሸካሚ ሆኖ ዋለ።

በማግሥቱ እትዬ ይርገዱ ብርድ ልብስ ሰጡት፤ አቶ እርገጤም አንገታቸውን ደፍተው መዶሻና መሮ ይዘውለት መጡ። ቱንቢውን ግን ከየት ያምጡለት? የአባቱ ነው። እትዬ ይርገዱ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል፤ አንዲት እሺ አፌ ላይ ነበረች፣ ለሰው አቀበልኳት ይላሉ።

አሁን ከሱቃቸው በር ጀርባ አምስት ሚስማር አለ። ማደሪያ የሌለው ሁሉ ጠዋት ጓዙን ሰቅሎ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ማታ ይወስዳል። ማን ያውቅሃል የሚለው የለም። የመጀመሪያዋ ሚስማር ግን ባዶዋን ነች፤ ክረምት ሲገባ ጃንጥላ እንኳ አይሰቅሉባትም።

ተረቴን ለሰው አቀብሉ፤ ጓዝ የተሸከመ ሲመጣ ግን ለሌላ አታቀብሉ።