ስሙን ማን ይጥራልሽ?

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ የልጆች ሆስፒታል ሃያ ዓመት የሠራ፣ ሥራውንም የሚወድ ሰው ነበረ። ሐኪም አይደለም። ሥራው እንዳንቺው ሥራ ነው፣ ልጄ፤ ከወላጅ ጋር ተቀምጦ ችግሩን መስማት፣ ማደሪያ የሌለውን ማስጠጋት፣ አቅም ያጣውን ወረቀቱን አሟልቶ በነፃ ከሚታከሙት ዝርዝር ማስገባት። «ሃያ ዓመት ወላጅ ሳጽናና ከኖርኩ በኋላ፣ ደግሞ ሥልጠና ምን ያደርግልኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እሱም ልክ እንዳንቺ ይል ነበር። እንግዲህ ስሚኝ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ እንዳትፈርጂበት ብዬ ነው። ከኪሱ ብስኩት አይጠፋም፤ ልጅ ሲያለቅስ ካየ የእሱም ዓይን እንባ ያቀርራል። ብቻ ሥልጠና አይወድም። በየወሩ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ለሠራተኞቹ ትምህርት ይሰጣል። እሱ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፣ በር አጠገብ ያለችውን ወንበር ይይዛል፣ ስሙ ላይ ይፈርማል፣ ሻዩን ይጠጣል፤ አሠልጣኙ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲል ውልቅ! ባልደረቦቹ ያቺን ወንበር «ፌርማታው» ይሏት ነበር። እሱ ግን «ሰው ሰው ነው፣ ልቅሶም ልቅሶ ነው፤ ምን አዲስ ነገር ይመጣል?» እያለ ይስቅባቸዋል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን አዝላ ፊቱ ቀረበች። ከሩቅ ወረዳ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋም ጥቂት ነው። ልጅቷ የልብ ክፍተት አለባት። ከውጭ የመጡ የልብ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ብቻ ቀዶ ሕክምና ሊሰጡ ነው፤ የሚታከሙት ልጆች ዝርዝር ደግሞ በዚያው ቀን ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቀረው አንድ ቦታ ነው። እናትየዋ ከጤና ጣቢያ በያዘችው ወረቀት ላይ የልጅቷና የአባቷ ስም ብቻ ሰፍሯል። ቅጹ ደግሞ፣ እንደምታውቂው፣ የአያት ስም ካልተሞላ አያልፍም።

«የልጅቷ አያት፣ የአባቷ አባት፣ ማን ይባላሉ?» አላት።

እናትየዋ አንገቷን ደፋች። «እኔ አልልም» አለች።

«አታውቂያቸውም?»

«አውቃለሁ። እኔ አልልም።»

ጠየቀ፤ ደጋግሞ ጠየቀ። ባሏ ስልክ እንደሌለው ነገረችው። ነገሩን በሌላ በኩል ላጣራ ብሎ ልጅቷ ምን እንደምትመገብ ጠየቃት። «ወተት» አለችው። «የምን ወተት?» ሲላት ትንሽ አሰብ አደረገችና «የዚያች፣ የምትታለበዋ» አለች። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ላምን ላም ማለት የምትሸሽ ሴት! «ይቺ የምትደብቀው ነገር አላት፤ ልጅቷም የራሷ ላትሆን ትችላለች» ብሎ ጠረጠረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ከቅጹ ግርጌ «አስታማሚዋ መረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ ጻፈ። ሃያ ዓመት ሲጽፋት የኖረች ዓረፍተ ነገር ስለሆነች ማሰብም አላስፈለገው። ወረቀቱን ለብቻው አኖረው። እናትየዋም ነገሩ እንዳበቃ ገብቷት ልጇን አዝላ ወጣች።

ከሰዓት ወደ ሥልጠናው ሲሄድ፣ ለካ ያቺ የበር አጠገብ ወንበር እግሯ ተሰብሮ ለጥገና ወጥታለች። ሁለተኛው ረድፍ መካከል ላይ ተቀመጠ፤ ግራና ቀኙን ሰው ሞላውና መውጫ አጣ። አሠልጣኟን ሲያያት ደግሞ የባሰ ተቃጠለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ ዘንድ ለልምምድ የመጣች ልጅ ናት። «ትናንት እስክሪብቶ ያዋስኳት ልጅ ዛሬ እኔን ልታስተምረኝ!» አለ በሆዱ።

አሠልጣኟ ወደ ሰሌዳው አልዞረችም። «ዘንድሮ ስለ አንዲት እናት ‹ፈቃደኛ አይደለችም› ብሎ የጻፈ እጁን ያውጣ» አለች። ሁሉም አወጣ። እሱም አወጣ።

«እናቴ ‹በሬ› ብላ አታውቅም» አለቻቸው። «‹የሚያርሰው› ነው የምትለው። የአማቷ ስም በ‹በ› ስለሚጀምር ነው። በእኛ መንደር ባለትዳር ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስለውን ቃል እንኳ፣ በሰው ቋንቋ ስትናገርም ቢሆን፣ ትሸሸዋለች። ለአማቷ ያላት ክብር ነው። እዚህ ስትመጣ ግን የእኛ ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቃት ያንኑ ነው። እምቢ ብላ አይደለም ዝም የምትለው። ነውር ሆኖባት ነው።»

«የምትታለበዋ» የሚለው ቃል ሰውዬው ጆሮ ላይ ደወለ። ብድግ አለ። የሰው እግር እየረገጠ፣ ይቅርታ እያለ ወጣ። «ፌርማታው ቢነሣም አውቶቡሱ መውጣቱ አልቀረም!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ዐሥር ሰዓት አልፏል። ካርድ ክፍል ፈለጋት፤ የለችም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ልጅ ያዘለችዋ? እስካሁን ጥላው ሥር ተቀምጣ ነበር፤ የመናኸሪያውን መንገድ ጠይቃኝ አሁን ወጣች» አለው። ሰውዬው ዕድሜውን ረስቶ ሮጠ። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ኖሮ እናትየዋ ታክሲ ተራው አጠገብ አረፍ ብላ አገኛት። ደንግጣ ልትነሣ ስትል እሱ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ አንቺ አትበዪ» አላት እያለከለከ። «አጠያየቅ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ስሙን ማን ይጥራልሽ?»

እናትየዋ ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ፈካ አለ። ልጇን ከጀርባዋ ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ልጅቷ በደከመ ድምፅ፣ ግን ኮራ ብላ፣ «ላምቤቦ!» አለች። እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ላም…» ብሎ ጀመረና ሰውዬው ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ።

ልጅቷ ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል በመጨረሻዋ ቦታ ገባች። ልቧ ተጠገነ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ታዝላ የገባችበትን በር በእግሯ ወጣችበት። የሰውዬው ደስታ ግን ሙሉ አልሆነም። ቢሮው ገብቶ የቆዩትን ቅጾች ከመደርደሪያው አወረደ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ብቻ «ፈቃደኛ አይደለችም» የሚሉ ዐሥራ ዘጠኝ ቅጾች በገዛ እጁ ጽሑፍ አገኘ። በየወረዳው እየደወለ አፈላለጋቸው። ስድስት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ሁለቱ እውነትም አንናገርም ያሉ ነበሩ። የቀሩትን ስልክ ማንም አላነሣውም፤ እሱ ግን አሁንም ይደውላል። ረቡዕ ሲመጣ ደግሞ የሚቀመጠው ፊት ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ደግነትሽን አልጠራጠርም። እሱም ደግ ነበር፤ ደግነቱ ብቻውን ግን ያቺን እናት ከመናኸሪያ መንገድ አልመለሳትም። የመለሳት ያን ዕለት የሰማው ነገር ነው፤ ያውም ወንበር ቢሰበርለት። አንቺ እዚያ ቢሮ ሃያ ዓመት ተቀምጠሻል፤ ፊትሽ የምትቀመጠው እናት ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። እሷ የታመመ ልጅ አዝላ፣ ያንቺን ቅጽ አጥንታ እንድትመጣ አትጠብቂ። መማሩ ያንቺ ድርሻ ነው።

ነገ ረቡዕ ነው። ስትገቢ በር አጠገብ አትቀመጪ።