አንጓችና የዋንዛው ዙፋን

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

«በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ የኋላው ልጅም ይስማ።»

በድሮ ጊዜ፣ ደጋም ቆላም ባለበት በአንድ አገር፣ ድልነሣ የሚባል ንጉሥ ነበር። ይህ ንጉሥ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ዙፋን ነበረው። ዙፋኑ እንደ ሌላው ዙፋን አልነበረም። የተቀመጠበት ሰው ያለው ነገር ሁሉ ወዲያው ይሆናል። «ነጭ ፈረስ ደጄ ላይ ይቁም» ቢል፣ ፈረሱ ደጁ ላይ ቆሞ ጭራውን ሲወዘውዝ ይገኛል። «የወርቅ ጥልፍ ያለው ካባ ይምጣ» ቢል፣ ካባው መጥቶ ትከሻው ላይ ጉብ ይላል።

ታዲያ ንጉሥ ድልነሣ ፈረስ ጠየቀ፤ ካባ ጠየቀ። ለአገሩ ግን አንድም ነገር ጠይቆ አያውቅም።

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በገበያ፣ በወንዝ ዳር፣ በየደጁ ሲገናኝ ወሬው አንድ ነው። አንዱ «እኔ ብነግሥ ኖሮ ወንዙ ላይ ድልድይ አሠራ ነበር» ይላል። ሌላዋ «እኔ ብነግሥ ኖሮ ጅቡን ከመንደራችን አርቀው ነበር» ትላለች። እንዲህ እንዲህ ሲባል ወሬው ንጉሡ ጆሮ ደረሰ።

ንጉሡ በጣም ተቆጣ። ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ።

«እኔ ብነግሥ የምትል ሁሉ፣ ናና ንገሥ። ከጠዋት እስከ ምሽት ዙፋኔ ያንተ ነው። ሲመሽ አገሬውን እጠይቃለሁ። በሥራህ ቅር ያለው ሰው ካልተገኘ መንግሥቴን እሰጥሃለሁ። አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው ግን ምላስህ ይታሰራል፤ ዳግመኛ አትናገርም።»

መጀመሪያ አንድ ገበሬ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ማሳው በድርቅ ተሰነጣጥቆበታል። ዙፋኑ ላይ ተቀመጠና «ዝናብ ያለማቋረጥ ይዝነብ» አለ። ዝናቡ ወረደ። ገበሬዎች ደስ አላቸው። ወንዙ ግን ሞላና ነጋዴዎች ከነአህዮቻቸው ማዶ ቀሩ። ሲመሽ ንጉሡ «ቅር ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ነጋዴዎቹ ከማዶ ሆነው «እኛ አለን» አሉ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ተመለሰ። ዝናቡን አቆመ፤ የገበሬውንም ምላስ አሰረ።

ቀጥሎ አንድ ነጋዴ መጣ። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ አህዮቹ አቀበት ለአቀበት ሲደክሙ እያየ የሚያዝን ሰው ነው። «ተራራው ሁሉ ሜዳ ይሁን» አለ። ተራራው ሜዳ ሆነ። አህዮቹ ደስ አላቸው። ነገር ግን ተራራው ላይ ቀፎ የሰቀሉ ሰዎች ንቦቻቸው ተሰደዱባቸው፤ ምንጩም የት እንደገባ ጠፋ። ሲመሽ ንጉሡ «ቅር ያለው አለ?» አለ። «እኛ አለን» አሉ ንብ አርቢዎቹ። ተራራው ወደ ቦታው ተመለሰ። የነጋዴውም ምላስ ታሰረ።

በሦስተኛው ይርጋ የሚባል ሸማኔ መጣ። «አገሬው በብርድ አይንዘፍዘፍ፤ ሰው ሁሉ ወፍራም ጋቢ ይልበስ» አለ። እውነትም ሰው ሁሉ ጋቢ ለበሰ። የደጋ ሰዎች መረቁት። የቆላ ሰዎች ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢውን ቢያወልቁት ተመልሶ ትከሻቸው ላይ ይወጣል። ላባቸው ተንጠፈጠፈ። ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ የነበረው ሰውዬ እንኳ ከነጋቢው ነው የተገኘው። ልጆች፣ እዚህ ላይ መሳቅ ትችላላችሁ። ይርጋ ግን አልሳቀም። ሲመሽ ቆለኞቹ «ቅር ብሎናል» አሉና ጋቢው ጠፋ፤ የእሱም ምላስ ታሰረ።

ይህ ሸማኔ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረችው። እሱ ሲሸምን እሷ ትፈትላለች። ድሮ ሥራ ላይ ሲሆኑ ይርጋ ወሬ ያወራላት ነበር፤ ያንጎራጉርላት ነበር። አሁን ግን ቤቱ ጭጭ አለ። «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» ስትለው ፊቱን ያዞራል። አንጓች ይህን መቻል አቃታት።

አንድ ቀን ነጠላዋን አደገደገችና «አባዬ፣ እኔም ልሂድ» አለችው። ይርጋ ተነሥቶ በሩን ዘጋባት። ራሱን በኃይል ነቀነቀ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ግን ዝም ብዬ ብቀመጥ አንተም ዝም እንዳልክ ልትቀር ነው።»

ይርጋ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ ዞር አለላት።

አንጓች መንገድ ስትጀምር ከቁጥቋጦ ውስጥ የወፍ ጩኸት ሰማች። ጠጋ ብላ ብታይ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ያ ግንድ በምንቃሩ የሚቆረቁረው ወፍ። እግሩ በክር ወጥመድ ተተብትቧል። አንጓች ቁጭ አለችና ክሩን እየለየች፣ እያላላች ፈታችው።

«ጣትሽ ይባረክ» አለ ወፉ። «ወዴት ነሽ?»

«የንጉሡ ዙፋን ላይ ልቀመጥ።»

ወፉ አንገቱን ሰበር አድርጎ አያት። «ያንን ዙፋን አውቀዋለሁ። ዛፍ በነበረበት ጊዜ አያቴ ግንዱ ውስጥ ነበር የምትኖረው። ትልቅ ዋንዛ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ጥላው ሥር ተቀምጦ ይመካከር ነበር። ዛሬ ግን አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ነገር ብቻ ያደርጋል።»

«ብዙ ሰው ቢቀመጥበትስ?»

«ሁሉም የተስማሙበትን ያደርጋል። ካልተስማሙ ግን እንጨት ነው፤ አይሰማም፣ አይለማም።»

«ዙፋኑ እኮ ጠባብ ነው» አለች አንጓች።

«እሱን እንግዲህ አንቺ እወቂበት» አለና ወፉ በረረ።

አንጓች መንገዱን ሙሉ እያሰበች ሄደች። ቤተ መንግሥት ስትደርስ ንጉሡ አያትና ሳቀ።

«አባትሽ ዝም ብሏል። አንቺም ልትጨመሪ መጣሽ?»

«ጃንሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች እጅ ነሥታ። «እስኪመሽ ድረስ ዙፋኑ የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ወደፈለግሁበት ባስወስደውስ?»

«ብትፈልጊ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጪው» አለ ንጉሡ። «እስኪመሽ ያንቺ ነው ብያለሁ።»

አንጓች ዙፋኑን በጠባቂዎቹ አሸክማ ገበያው መሃል አስቀመጠችው። ንጉሡም በበቅሎ መጣና ወርዶ ዳር ቆሞ ያይ ጀመር። አገሬው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የታሰሩት ሦስቱ ሰዎችም መጥተው አንድ ጥግ ላይ ቆሙ። አንጓች ስትቀመጥ ከየአቅጣጫው ጩኸት ሆነ። «ዝናብ በይልን» ይላል አንዱ። «መንገዱን» ይላል ሌላው። «ብርዱን» ይላሉ ደገኞቹ። «ሙቀቱን» ይላሉ ቆለኞቹ። አንጓች አባቷን ፈልጋ አየችው። ከዚያ እጆቿን ዙፋኑ ላይ አሳረፈችና እንዲህ አለች።

«ዙፋን ሆይ፣ ርዘም።»

ዙፋኑ ሲጢጥ አለ። ወደ ቀኝ ረዘመ፤ ወደ ግራ ረዘመ። በእህል ተራው በኩል አለፈ፤ በቅቤ ተራው ዞረ፤ ወንዙ ዳር ሲደርስ ቆመ። ለአገሬው ሁሉ የሚበቃ አግዳሚ ሆነ።

«ተቀመጡ» አለች አንጓች።

ማንም አልተነቃነቀም። የንጉሥ ዙፋን ላይ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? በዚህ መሃል እማማ ወለቴ የሚባሉ ቅቤ ሻጭ አሮጊት ቅላቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«እኔ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ጉልበቴ አልቋል» አሉ። «ዙፋንም ይሁን ድንጋይ፣ ልቀመጥበት» ብለው ቁጭ አሉ። ምንም አልሆኑም። ይህን ጊዜ ሰዉ እየተጠጋጋ ተቀመጠ። ዕድሜ ልካቸውን ቆመው የሚውሉት ጠባቂዎችም ጦራቸውን አስደግፈው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ምን እንበል?» አለች አንጓች።

«የታሰረው ምላስ ይፈታ» አሉ እማማ ወለቴ።

«ይፈታ» አለ ሰዉ ሁሉ።

ዙፋኑ ሲጢጥ አለ። የገበሬው፣ የነጋዴውና የሸማኔው ምላስ ተፈታ። ይርጋ ወደ ልጁ ዞረ። ያን ያህል ጊዜ ሳይናገር ቆይቶ የመጀመሪያ ቃሉ ምን መሰላችሁ?

«አንጓች፣ ምሳሽን በላሽ?» አለ።

አንጓች ሳቀችም፣ አለቀሰችም።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ገበሬው «ዝናብ» አለ፤ ነጋዴው «የለም፣ ፀሐይ» አለ። ዙፋኑ ዝም። ገበሬው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ነጋዴው የባሰ ጮኸ። ዙፋኑ ዝም። በሦስተኛው ሁለቱም ደከማቸውና እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር።

«ዝናቡን አጥብቀህ የምትፈልገው መቼ ነው?»

«በክረምት ነው። አንተስ መንገዱ እንዳይጨቀይ የምትፈልገው መቼ ነው?»

«በበጋ። ክረምቱንማ ወንዙን የምሻገርበት ካገኘሁ ምን ቸገረኝ።»

«እንግዲያው ክረምቱ ይዝነብ፤ ወንዙ ላይ ድልድይ ይሁን» አሉ ሁለቱም። «ይሁን» አለ ሰዉ። ዙፋኑ ሲጢጥ አለና ድልድዩ ወንዙ ላይ ተዘረጋ።

ተራራውም እንዳለ እንዲቀር፣ ግን ቀፎዎቹ ሳይነኩ በጎኑ መንገድ እንዲወጣለት ተስማሙ። ጋቢውን የበረደው ይልበስ፣ የሞቀው ያውልቅ ተባለ። ያልተስማሙበትም ነገር ነበር። ገበያው በየትኛው ቀን ይቁም በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረው፣ ነገ እንመለስበታለን ብለው አሳደሩት።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘነበለች። ንጉሡ ወደ ሰዉ ቀረበና «ቅር ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም።

«ቅር ያለው አለ ወይ?» አለ ደግሞ። ስለ ገበያው ቀን ሲከራከር የዋለው አንድ ሰውዬ አፉን ከፈተ። ሰውዬው ግን «የእኔ ነገር ነገ ይታያል ተብሏል፤ እጠብቃለሁ» ብሎ አፉን ዘጋ።

በሦስተኛው ንጉሡ «እንግዲያው እኔ ቅር ብሎኛል» አለ። «ዙፋኔን አግዳሚ አድርጋችሁ እኔን አቆማችሁኝ።»

አንጓች ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችለት። «ጃንሆይ፣ ቅር ያለው ሰው እዚህ ተቀምጦ ነው የሚናገረው። ቦታ አለ» አለችው።

ንጉሡ በልቡ ደስ አለው። «አገኘኋት» አለ። ተቀመጠና «የአንጓች ምላስ ይታሰር» ብሎ አዘዘ። ዙፋኑ ዝም። «ዙፋኔ እንደ ድሮው አጭር ይሁን» አለ። ዙፋኑ ዝም። ወደ ግራ ቢያይ ሰው ነው፤ ወደ ቀኝ ቢያይ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለዋለ ርቦታል፤ ጉልበቱም ዝሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እራቴ እንኳ ይቅረብ» አለ። ዙፋኑ አሁንም ዝም።

አጠገቡ የተቀመጡት እማማ ወለቴ ክንዱን ነካ አደረጉት። «ጃንሆይ፣ ‘እራታችን’ ይበሉ» አሉት።

ንጉሡ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እራታችን ይቅረብ» አለ።

«ይቅረብ» አለ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ።

ዙፋኑ ሲጢጥ አለ። ከእህል ተራው እስከ ወንዙ ዳር ገበታ ተዘረጋ። ንጉሥ ድልነሣ ከአገሬው ጋር አንድ ገበታ ላይ ሲበላ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ካባውን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ መባሉ አልቀረበትም፤ ግን የሚነግሠው እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ከሰው ጋር ተጠጋግቶ ሆነ። አንጓች «መንግሥቱን ስጠኝ» አላለችም። ከአባቷ ጋር በአዲሱ ድልድይ ላይ እያወሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይርጋ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ እሷ «እህ» እያለች ስትሰማ፣ እንዲሁ ደረሱ።

እናም ልጆች፣ አገር ለመምራት ጥሩ ሐሳብ ብቻ አይበቃም፤ የሌላውን ችግር ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው ብቻ የተመቸ ነገር ሌላውን ይጎዳል፤ ተመካክረው ያደረጉት ግን ለሁሉም ይበጃል።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ሰምታችሁ ያዙ። ተረቴን ላልሰማ ንገሩት፣ ለእኔም ውኃ አምጡልኝ።