ለአዋሽ ድልድይ የጎደለው ስንዝር ሐዲድ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። «የባቡር መንገድ» በሉኝና ልቀጥል።

በድሬዳዋ ከተማ እንግዳሸት የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ባቡር ነድተዋል። ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴም ፍየል ጭነው ከድሬዳዋ አዋሽ፣ ከአዋሽ ድሬዳዋ ተመላልሰዋል። መንገደኛ ጭነው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ሽንኩርት መቼ ደረስን ብሎ አይጨቀጭቅም» ይላሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ያንኑ መስመር በትንሹ መሥራት ጀመሩ። ቦታው የጡረተኞቹ እድር አዳራሽ ጥግ ነው። ጠረጴዛው በእንጨት እግር ላይ የተጋደሙ ሦስት አሮጌ በሮች ናቸው። ተራራው በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፤ ፉርጎዎቹ የሰርዲን ቆርቆሮ፤ ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ። ሐዲዱ ደግሞ የጃንጥላ ብረት ነው፤ ያ ጨርቁን የሚወጥረው ቀጭን ብረት። አርባ ሰባት ጃንጥላ ለዚህ መስመር ሲባል ሞቷል። በአራት ዓመት ውስጥ ድሬዳዋ ተሠራች፣ ኤረር ተሠራች፣ ጎታ ተሠራች፣ አፍደም ተሠራች፣ ሚኤሶ ተሠራች። የቀረው በአዋሽ ድልድይ ላይ አንድ ስንዝር ሐዲድ ነበር። አንድ ስንዝር!

ሐሙስ ማታ እድሩ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደየስ ድሮ የጎታ ጣቢያ ሹም ስለነበሩ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛው «ሼፍ»፣ አለቃ ማለት ነው፣ ይላቸዋል። ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እንግዳሸት፣ አራት ዓመት ታገሥንህ» አሉ። «ባቡርህ እሑድ አባላት በተሰበሰቡበት ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዋሽ ከገባ ጥጉ ያንተ ነው። ካልገባ በሮቹ ለለቅሶ ቤት አግዳሚ ወንበር ይሆናሉ።»

«ኤረር ላይ ተቀምጣችሁ ልታለቅሱ?»

«የትም ተቀምጦ ይለቀሳል» አሉ ሼፍ፤ ጸሐፊም ሊቀ መንበርም እሳቸው ስለሆኑ ያሉትን ራሳቸው ጻፉት።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ እንግዳሸት ያቺን ስንዝር ፍለጋ ቀፊራ ገበያ ወረዱ። ጃንጥላ ጠጋኙ አብዲናስር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ከራሱ በላይ ተክሎ አገኙት።

«አብዲ፣ አንድ ብረት ስጠኝ።»

«አቦ ጋሼ! ከእርስዎ የተረፈ ጃንጥላ በዚህ አገር አለ? ያሁኖቹ ዝንብ ሲያርፍባቸው ይታጠፋሉ። የድሮ ብረት ያለው ይሄ ብቻ ነው።»

«እሱን ፍታልኛ!»

«ፈትቼው አናቴ ይቀቀል? እኔ ቦታዬ ያቺ ኒም ዛፍ ሥር ነበር። የሙሜ ጋሪ ጥላዋን ከያዘው ይኸው ሁለተኛ ቀኑ። ጋሪውን ያስነሡልኝ፤ ወላሂ አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

ጃንጥላው ሐዲድ አልሆንም አለ፤ ሐዲድ የሌለው ድልድይም ባቡር አላሻግርም አለ። አቶ እንግዳሸት «ለአንድ ስንዝር ብረት ጋሪ አስነሺ ልሁን!» እያሉ ወደ ኒሟ ሄዱ።

ሙሜ ከሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል ተጋድሟል፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። አህያው አጠገቡ ቆሞ ያስባል።

«ሙሜ፣ ጋሪህን አንሣና ሰውዬው ጥላው ይግባ።»

«ጋሼ፣ ጋሪ በጎማ አይደል የሚሄደው? የእኔ ጎማ ትናንት ማለዳ ነፍሱ ወጣች።»

«በቸርኬው ንዳዋ!»

«ስድስት ኩንታል ጭኜ? ቸርኬው ዳቦ ሆኖ ይቀራል።»

«ሽንኩርቱን አውርድና ግፋው።»

«አውርጄ ፀሐይ ላይ ላስጣው? እርስዎም ሽንኩርት ጭነው የኖሩ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱ!»

አቶ እንግዳሸት ሊፈርዱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ፀሐይ የመታው ሽንኩርት ምን እንደሚሆን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህም የበለጠ አናደዳቸው።

ጋሪው ጥላ አልለቅም አለ፤ ጃንጥላው ሐዲድ አልሆንም አለ፤ ሐዲድ የሌለው ድልድይም ባቡር አላሻግርም አለ። የሙሜ ጎማ ያለው ጎሚስታው ቦጋለ ዘንድ ነውና ወደዚያው አዘገሙ።

ቦጋለ የውስጥ ጎማውን አንገቱ ላይ እንደ ነጠላ ጣል አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ምነው አትለጥፈውም?»

«ቀዳዳው የታለና ጋሼ? ጎማ የት እንዳመመው የሚናገረው ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው። ሳፋዬን ይዩልኝ፤ ደርቆ ሸረሪት ገብቶበታል።»

«ንፋውና በጆሮህ አዳምጠው!»

«በቀፊራ ጫጫታ? የገዛ ስሜንስ መቼ እሰማለሁ!»

«በምራቅህ ቀባው!»

«ጋሼ» አለ ቦጋለ በትሕትና፣ «ቦኖው ከተዘጋ ወዲህ ጉሮሮዬ ደርቋል። ምራቁን እርስዎ ካለዎት ያበድሩኝ።»

አቶ እንግዳሸት አፋቸውን ሞከሩት። ከንዴት በቀር ምንም አልነበረበትም።

ሳፋው ጎማ አልፈትሽም አለ፤ ጎማው ጋሪ አልሸከምም አለ፤ ጋሪው ጥላ አልለቅም አለ፤ ጃንጥላው ሐዲድ አልሆንም አለ፤ ሐዲድ የሌለው ድልድይም ባቡር አላሻግርም አለ። ሽማግሌው በሬ የሚያህል ንዴት ይዘው ወደ ቦኖው ወጡ።

በቦኖው ፊት ቢጫ ጀሪካኖች እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፈዋል። ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን በተራቸው አቁመው፣ እነሱ አጥር ሥር ተጠልለው ያወራሉ። የቦኖዋ ጠባቂ አዴ ፈትያ ቁልፍ የሌላት ጠባቂ ሆና፣ የተቆለፈውን ቧንቧ እንደ ታመመ ልጅ ታየዋለች።

«አዴ፣ አንድ ሳፋ ውኃ ብቻ።»

«ኧረ እኔም አንድ ብርጭቆ አጥቻለሁ! ቁልፉን ሐሙስ ማታ ሼፍ ከእጄ ወሰዱት። ቦኖውን ያስገባው እድሩ ነው፣ ቁልፉም የእድር ንብረት ነው አሉኝ። የሰው ጉሮሮስ የማን ንብረት ነው?»

«ወስደው ምን ሊያደርጉት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የተጻፈ ነገር አለ አሉ። የእሳቸው ጣሪያ ላይ ያቺ ጥቁር ታንከር ተቀምጣለች፤ ምን ቸገራቸው!»

ቁልፉ ቦኖ አልከፍትም አለ፤ ቦኖው ሳፋ አልሞላም አለ፤ ሳፋው ጎማ አልፈትሽም አለ፤ ጎማው ጋሪ አልሸከምም አለ፤ ጋሪው ጥላ አልለቅም አለ፤ ጃንጥላው ሐዲድ አልሆንም አለ፤ ሐዲድ የሌለው ድልድይም ባቡር አላሻግርም አለ። አቶ እንግዳሸት ይህን ሁሉ ለአዴ ፈትያ በአንድ ትንፋሽ ነገሯት። አዴ ፈትያ መቀነቷን አጠበቀች። «ይሂዱ፤ ከኋላዎ ነኝ» አለች። ሴቶቹም ጀሪካኖቻቸውን አነሡና ተከተሉ።

ሼፍ የአዳራሹ በር መሐል ወንበር አድርገው፣ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የቦኖው ቁልፍ ቀበቷቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሴቶቹን ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ሼፍ፣ ቁልፉን ስጣት።»

«አልችልም። ቃለ ጉባኤ አለ።» አነበቡ፦ «የባቡሩ ጠረጴዛ ጉዳይ እልባት እስኪያገኝ ድረስ የእድሩ ንብረት ለማንም እንዳይሰጥ ተወስኗል።»

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አንተው ሰርዘው!»

«ሁሉም የጻፈውን የሚሰርዝ ከሆነ መጻፍ ምን ይረባል? ባቡርህን አዋሽ አስገባ፤ ቁልፉን ያን ጊዜ እሰጣለሁ።»

«ባቡሩ አዋሽ የሚገባው ቁልፉ ሲሰጥ ነው!» ብለው አቶ እንግዳሸት ጮኹ። «ስማኝ! ቃለ ጉባኤው ቁልፍ አልሰጥም አለ፤ ቁልፉ ቦኖ አልከፍትም አለ፤ ቦኖው ሳፋ አልሞላም አለ፤ ሳፋው ጎማ አልፈትሽም አለ፤ ጎማው ጋሪ አልሸከምም አለ፤ ጋሪው ጥላ አልለቅም አለ፤ ጃንጥላው ሐዲድ አልሆንም አለ፤ ሐዲድ የሌለው ድልድይም ባቡር አላሻግርም አለ፤ ያልተሻገረው ባቡርም ቃለ ጉባኤ አልሽርም አለ! ሰው በገዛ ጭራው ታስሮ ይዞራል?»

«ያሳዝናል» አሉ ሼፍ፣ ከልባቸው። «ግን ተጽፏል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች በጠባቡ በር ላይ ግንባር ለግንባር ተፋጠጡ። አንዱ መግባት ይፈልጋል፤ ሌላው አይነሣም። አቶ እንግዳሸት የሰውዬውን ጉልበት፣ ወንበሩን፣ የበሩን ስፋት አዩ። ቀጥሎ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ሼፍ፣ ሐዲዱ ነጠላ ነው። ሁለት ባቡር አፍደምና ሚኤሶ መሐል ፊት ለፊት ገጠሙ። ማን ወደ ኋላ ይመለሳል?»

ሼፍ ስሙን እንደተጠየቀ ሰው ሳያስቡት መለሱ። «ባዶው ነዋ። የጫነ አይመለስም።»

«መልካም። እኔ ሐዲድ ጭኛለሁ፣ ጃንጥላ ጭኛለሁ፣ ስድስት ኩንታል ሽንኩርት ከነጋሪው ጭኛለሁ፣ ጎማና ሳፋ ጭኛለሁ።»

«አርባ ጀሪካንም!» አለች አዴ ፈትያ ከኋላ።

«አርባ ጀሪካን ጭኛለሁ። አንተስ ምን ጭነሃል?»

ሼፍ ወደ ጭናቸው ተመለከቱ። «ቃለ ጉባኤ።»

«ስንት ገጽ?»

«አንድ... ተኩል።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሼፍ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ሃያ ስድስት ዓመት ባንዲራ ይዘው ሲያስፈጽሙት የኖሩት ደንብ ነው፤ በዚህ ደንብ አልገዛም ባለ ሾፌር ላይ ስንቴ ጮኸዋል! ቀስ ብለው ተነሡ። ወንበሩን በአንድ እጅ፣ መዝገቡን በሌላው ያዙ። ከዚያም ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ባቡር አይዞርምና፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ተራመዱ፤ ጀርባቸው ግድግዳው ላይ ሲደርስ ቆሙ። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ዘረጉ።

«ይለፍ» አሉ።

ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመዋል! ቃለ ጉባኤው ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ ቦኖውን ከፈተ፤ ቦኖው ሳፋውን ሞላ፤ ሳፋው ጎማውን ፈተሸ፤ ጎማው ጋሪውን ተሸከመ፤ ጋሪው ጥላውን ለቀቀ፤ አብዲናስር ኒሟ ሥር ገባ፤ ጃንጥላው ተፈታ፤ ብረቱ ሐዲድ ሆነ፤ ሐዲዱም ድልድዩ ላይ ተኛ። ለሁለት ቀን እንቢ ያለው ሁሉ ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ እሺ አለ። አቶ እንግዳሸት ብረቱን ሲበይዱ «ይኸው! ይኼን ታህል!» እያሉ ስንዝራቸውን ለቆመው ሁሉ ያሳዩ ነበር፤ ንዴታቸው ገና አልበረደም።

እሑድ አባላቱ ተሰበሰቡ። ከሙሜ ጆንያ የወጣች አንዲት ትንሽ ቀይ ሽንኩርት በሰርዲኑ ፉርጎ ላይ ተጫነች። ባቡሩ ተንጣጣና ከድሬዳዋ ተነሣ። ኤረርን አለፈ፤ ጎታን አለፈ፤ እዚያ ሼፍ ሳያውቁት ቀጥ ብለው ቆሙ። አፍደምን አለፈ፤ ሚኤሶን አለፈ። ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ አንድ ያረጁ ፍሬን ያዥ «ቀስ! ቀስ በል!» ብለው ጮኹ። ባቡሩ ስንዝሯ ላይ ወጣ፤ ስንዝሯ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ ቻለችው። አዋሽ ገባ።

ሼፍ መዝገቡን ከፍተው «ጠረጴዛው ካለበት አይነቃነቅም» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ከዚያም እንደ ልጅ ጎንበስ ብለው፦

«እንግዳሸት፣ እስቲ ወደ ድሬዳዋ መልሰው፤ እንደገና ልየው።»

«እንዴት ይመለሳል?» አሉ አቶ እንግዳሸት በቁጣ። «ጭነቱ መቼ ተራገፈ? ወዛደር የለኝም፤ አንተው አራግፍ!»

ሼፍ አባላቱን አዩ። አባላቱ ጣሪያውን አዩ። የእድሩ ሊቀ መንበር እጅጌያቸውን ጠቀለሉና ሽንኩርቷን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ ምንም ሳይነኩ፣ አዋሽ ጣቢያ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጧት።

እኔም ተረቴን አራግፌአለሁ። ፉርጎው ባዶ ነው፤ ውሰዱና የራሳችሁን ጫኑበት።