ሬዲዮው ላይ የተቀመጠው መነጽር

በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ በየመደርደሪያው ላይ፣ ባለቤት አጥቶ የተቀመጠ መነጽር ምን ያያል?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ዞሬያለሁ። የጀመረኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘሪቱ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ጥላዬ ካረፉ በኋላ መነጽራቸው ሬዲዮው ላይ፣ እጆቹን አጣጥፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጦ ቀረ። ዕቃ መልሺ ተብዬ ስላክ ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። ልጠይቅ እልና አፌ ይያዛል። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ፣ ተመረቅኩ፤ ዓይን አፋርነቴም አብሮኝ ተመረቀ። ጥያቄው ሳይጠየቅ ቀረ።

መልሱን ያገኘሁት ዙሪያ ጥምጥም በሆነ መንገድ ነው። መንገዱን ልንገራችሁ። ተረት ተረት ስላችሁ ግን የላም በረት አትበሉኝ፤ ላም የለበትም። የመነጽር ቤት በሉኝ።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ትንሽ ምኞት ነው። ወንድሜ ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟን ሶስና አላት። ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ክርስትና ልትነሳ ነው። በእኛ ቤት ልጅ ሲወለድ የክርስትናው ቀሚስ ደረት ላይ መስቀል የምትጠልፈው የአባቴ እህት እታለም ናት። የወንድሜንም የእኔንም ጠልፋለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ሌላውን ስፌት ሁሉ ትታለች። ይህችን ብቻ ተመኘች፤ የሶስናን መስቀል በገዛ እጇ መጥለፍ።

ነጩን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ቀዩን ክር እኔ በመርፌው አሾለኩላት። ገና አንድ ጊዜ ስትወጋ ጨርቁን ስታ ጣቷን አገኘችው። ነጩ ላይ የደም ጠብታ ወደቀች።

“ተይው በቃ፣ እታለም። ሌላ ሰው ይጥለፈው” አላት ወንድሜ።

“ሌላ ሰው? ያንተን ሌላ ሰው ነው የጠለፈው? እጄ ያውቀዋል እኮ። ዓይኔ ነው ጥሎኝ የሄደው።”

ቀሚሱን አጣጥፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዓይን አላይም አለ፤ ዓይን ካላየ መርፌ አልሄድም አለ፤ መርፌ ካልሄደ ክር አልከተልም አለ፤ ክር ካልተከተለ መስቀሉ አልወጣም አለ፤ መስቀሉ ካልወጣ ቀሚሱ አላልቅም አለ። ቀሚሱ ካላለቀ ሶስና ምን ለብሳ ክርስትና ትነሳ?

ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳት። መርማሪዋ የመነጽሩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፈችልንና “ሁለቱ ዓይኖቿ እኩል አያዩም፤ ለየብቻ የተለካ መስታወት ነው የሚያስፈልጋት” አለችን። እታለም ግን መጀመሪያ ርካሹን እንሞክር አለች። ደሴ ፒያሳ፣ መንገድ ዳር፣ መነጽር ደርድሮ የሚሸጥ ሰው አለ። አንዱን አደረገች፣ አወለቀች፤ ሌላውን አደረገች።

“ይሄስ፣ እማማ?”

“ይሄ አንዱን ዓይኔን ወደ ሸዋ በር፣ አንዱን ወደ ቧንቧ ውሃ ይልክብኛል።”

“ሁለት ሰፈር በአንድ ዋጋ! ምን ይከፋዎታል?”

“ቤቴ የምገባውስ በየትኛው ነው?” ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ትልቁ መነጽር ቤት ገባን። መስታወት በመስታወት ነው። ባለሱቁ ወረቀታችንን ተቀበለና ወርቅማ ፍሬም አምጥቶ እታለም ፊት ላይ አደረገላት። “ለእናት አይሰሰትም” አለኝ ወደ እኔ እያየ። ዋጋውን ሲነግረን እታለም መነጽሩን በሁለት እጇ፣ እንደ እንቁላል ይዛ አወረደችው።

“ልጄ፣ ዓይኑንም ጨምሮ ነው?”

ሳቀ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም። “ፍሬሙ የውጭ ነው፣ እናቴ። መስታወቱ ብርሃን አያንጸባርቅም። ማስቀመጫው ቆዳ ነው።”

“እኔ እኮ መርፌ ለማየት ነው።”

ባለሱቁ መነጽር አልለቅም አለ፤ መነጽር ካልመጣ ዓይን አላይም አለ፤ ዓይን ካላየ መርፌ አልሄድም አለ፤ መርፌ ካልሄደ ክር አልከተልም አለ፤ ክር ካልተከተለ መስቀሉ አልወጣም አለ፤ መስቀሉ ካልወጣ ቀሚሱ አላልቅም አለ። ቀሚሱ ካላለቀ ሶስና ምን ለብሳ ክርስትና ትነሳ?

ከወጣን በኋላ እታለም ቆም አለች። “ወረቀታችን እዚያው ቀረ።”

ተመልሼ ገባሁ። ጆሮዬ እንደ ከሰል ጋለ።

“ወረቀቱን...” አልኩ።

“እዚህ ይቀመጥ፤ ስትመጡ ታገኙታላችሁ።”

“የእሷ ነው” አልኩት። ድምፄን እኔ ራሴ በቅጡ አልሰማሁትም። እሱ ግን ሰማው፤ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። እታለም በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

ባለሱቁን በዚህ ትተነው እንለፍ። በጀርባው መንገድ ሰዓትና መነጽር የሚጠግኑ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ሰው አሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አነበቡት።

“መስታወቱን በልኩ እቆርጥላችኋለሁ። አያንጸባርቅም የሚሉትን ትታችሁ ተራውን ብትወስዱ አይከብዳችሁም። ሰው የሚጎዳው ፍሬሙ ላይ ነው። እሱን አትግዙ።”

“መስታወቱ በምን ሊቆም ነው ታዲያ?” አለች እታለም።

“ቤታችሁ ፈልጉ እንጂ። ፍሬም ያልተኛበት መሳቢያ የታለ?”

እኔ ቤት አንድ ተኝቷል። ትምህርት ቤት ሳለሁ አደርገው የነበረ መነጽር፣ ከአልጋዬ ሥር በጫማ ካርቶን ውስጥ። ሮጬ አመጣሁት። እታለም ፊት ላይ ሲደረግ እጆቹ ጆሮዋ ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ።

“ይሄ የልጅ ነው” አሉ ጋሽ እንድሪስ። “የእርስዎ ጭንቅላት ደግሞ፣ እህቴ፣ ደህና አድርጎ የሞላ ነው።”

“በሐሜት ነዋ” አለቻቸው።

ፍሬም የለሁም አለ፤ ፍሬም ከሌለ መስታወት አልቆምም አለ፤ መስታወት ካልቆመ መነጽር አልሆንም አለ፤ መነጽር ካልመጣ ዓይን አላይም አለ፤ ዓይን ካላየ መርፌ አልሄድም አለ፤ መርፌ ካልሄደ ክር አልከተልም አለ፤ ክር ካልተከተለ መስቀሉ አልወጣም አለ፤ መስቀሉ ካልወጣ ቀሚሱ አላልቅም አለ። ቀሚሱ ካላለቀ ሶስና ምን ለብሳ ክርስትና ትነሳ?

ያኔ ነው ሬዲዮው ትዝ ያለኝ።

እትዬ ዘሪቱ ደጃፍ ቆሜ ተመለስኩ። ሄጄ እንደገና ቆምኩ።

“ማነው በሬ ላይ እንደ ዶሮ የሚመላለሰው?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ። ረድኤት።”

“ግቢያ! ዕቃ ልትመልሺ ነው ልትወስጂ?”

“ልወስድ...” አልኩና ቃሉ እዚያው ቆመ። ዓይኔ ወደ ሬዲዮው ሄደ። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩ።

“እሱን?”

“ለእታለም ነው። የሶስናን መስቀል መጥለፍ አቃታት፤ አይታያትም።”

እትዬ ዘሪቱ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። “ጥላዬ ዜና ሲሰማ መነጽሩን ያደርግ ነበር፤ ታውቂያለሽ? ‘ሬዲዮ እኮ ነው አንተ ሰው፣ ምኑን ልታይ ነው?’ ስለው፣ ‘የሚያወራውን ሳላየው እንዴት ልመነው?’ ይለኛል።” ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። “አሁንም ዜና ሲደርስ እከፍትለታለሁ።”

ዓይናቸውን ከመነጽሩ ላይ አልነቀሉም።

“እታለም ሌላ ብትጠይቀኝ አልሰስትም። ግን ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። ጋቢውን እንኳ አይጥ በላብኝ።” ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎትተው ጋቢውን አወጡት። መሐሉ ላይ ስፌቱ ተተርትሯል፤ ዳር ዳሩን ጥርስ አርፎበታል። “ይሄ ቢሰፋልኝ እሱን ደርቤ እሞቅ ነበር፤ መነጽሩም ሄዶ ለሰው ይሁን እል ነበር። ጋቢውን ለሌላ ሰፊ ግን አልሰጥም። ስንጋባ የሰፋችልን እታለም ናት፤ የእሷ እጅ ካልሆነ ይቅር።”

እንግዲህ ስሙ። ጋቢ ካልተሰፋሁ አላሞቅም አለ፤ ጋቢ ካላሞቀ ፍሬም ከሬዲዮው አልወርድም አለ፤ ፍሬም ካልወረደ መስታወት አልቆምም አለ፤ መስታወት ካልቆመ መነጽር አልሆንም አለ፤ መነጽር ካልመጣ ዓይን አላይም አለ፤ ዓይን ካላየ መርፌ አልሄድም አለ፤ መርፌ ካልሄደ ክር አልከተልም አለ፤ ክር ካልተከተለ መስቀሉ አልወጣም አለ፤ መስቀሉ ካልወጣ ቀሚሱ አላልቅም አለ። ይህ ሳያንስ፣ መርፌ ካልሄደ ጋቢውም አልሰፋም አለ!

ለእታለም ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “እኔ የእሷን መነጽር ስጠብቅ እሷ የእኔን መርፌ ትጠብቃለች! የገዛ ጭራዋን የምታባርር ድመት ሆንን በይኛ።” ከዚያ እንባዋን ጠረገች፤ መጥረጉ ግን ከሳቁ በኋላም ቀጠለ። “ተይው በቃ፣ ረድኤትዬ። ወንድምሽ እንዳለው ሌላ ሰው ይጥለፈው።”

“ተይው በቃ” ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች በቃሌ ወረድኩት። ጋቢ፣ ፍሬም፣ መስታወት፣ መነጽር። ዓይን ካላየ መርፌ አልሄድም አለ። እዚህ ስደርስ ቆምኩ።

የማን ዓይን?

መርፌው እኮ የማን ዓይን እንደሚፈልግ አልተናገረም። ጋቢ ደግሞ የሕፃን ቀሚስ አይደለም፤ ስፌቱ ሰፊ ነው፣ ክሩ ወፍራም ነው።

“እታለም፣ ተነሺ” አልኳት። በሕይወቴ ሰውን ተነሺ ብዬ አዝዤ አላውቅም። እሷም እንዲህ ብያት ስለማላውቅ ደንግጣ ተነሳች።

እትዬ ዘሪቱ በረንዳ ላይ፣ ፀሐዩ በሚወድቅበት በኩል ተቀመጥን። ጋቢው በሁለታችን ጭን ላይ ተዘረጋ። መርፌውን እኔ ያዝኩ። እኔ መጽሐፍ እንጂ መርፌ ይዤ አላውቅም። እታለም እጇን እጄ ላይ አደረገች፤ ሞቃትና ሻካራ ነው።

“የተተረተረው ጫፍ የት ጋ ነው?”

“እዚህ።”

“ውጊው። እንዲህ አይደለም፤ ጋቢው ምን አደረገሽ? ቀስ። አሁን ሳቢ። ክሩን አታንቂው፣ ይተንፍስ።”

“ጠመመብኝ።”

“ይጥመም። ሂጂ።”

እትዬ ዘሪቱ ከበርጩማቸው ሆነው ያዩናል። “ጥላዬም ሲራመድ ትንሽ ጠመም ይል ነበር” አሉ።

ፀሐዩ ከበረንዳው ሳይለቅ ጨረስን። እትዬ ዘሪቱ ጋቢውን ደረቡት፣ አንገታቸው ሥር ሰበሰቡት፣ ፊታቸውን ቀበሩበት። ትንሽ ቆይተው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ መነጽሩን በጋቢው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ተፈታ። የእኔ ዓይን አየ፤ ዓይን ሲያይ መርፌ ሄደ፤ መርፌ ሲሄድ ጋቢው ተሰፋ፤ ጋቢው ሲሰፋ አሞቀ፤ ጋቢው ሲያሞቅ ፍሬም ከሬዲዮው ወረደ፤ ፍሬም ሲወርድ ጋሽ እንድሪስ መስታወቱን ቆረጡ፤ መስታወቱ ሲቆም መነጽር ሆነ፤ መነጽር ሲመጣ የእታለም ዓይን አየ፤ ዓይኗ ሲያይ መርፌ ሄደ፤ መርፌ ሲሄድ ክር ተከተለ፤ ክር ሲከተል መስቀሉ ወጣ፤ ያቺ የደም ጠብታም ከቀዩ ክር ሥር ገብታ ጠፋች፤ መስቀሉ ሲወጣ ቀሚሱ አለቀ፤ ቀሚሱ ሲያልቅ ሶስና እሱን ለብሳ፣ ከካህኑ በላይ ድምፅ አውጥታ እየጮኸች ክርስትና ተነሳች።

እታለም ጋሽ እንድሪስ ሱቅ መጀመሪያ መነጽሩን ስታደርግ ያየችው እኔን ነበር። “አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ከስተሻል እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ!”

የክርስትናው ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ደግሞ እትዬ ዘሪቱን ጋቢያቸውን ደርበው አገኘቻቸው። ቀረብ ብላ ስፌቱን መረመረች።

“ዘሪቱ! ይሄን የሰፋው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው?”

“አንቺና ረድኤት ናችሁ።”

“እንግዲያው ግሩም ነው” አለች እታለም።

እትዬ ዘሪቱ አልሳቁም። የእታለምን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና መነጽሩን ትክ ብለው አዩት። “ይሄን ሁሉ ዘመን ግድግዳ ሲያይ ኖረ” አሉ ቀስ ብለው። “ዛሬ ዘወር ብሎ አየኝ።”

ለዘመናት የያዝኩትን ጥያቄ ያን ጊዜ አስቀመጥኩት።

ያን ዕለት ከክርስትናው ስመለስ የጫማ ካርቶኔን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። የልጅነት መነጽሬ እጆቹን አጣጥፎ ካርቶኑን እያየ ነው። የሚበቃው ፊት በዚህ ከተማ የሆነ ቤት ውስጥ ሰሌዳው አልታይ ብሎት ይጨነቅ ይሆናል። በማግስቱ ለጋሽ እንድሪስ ወሰድኩላቸውና፣ የሱቃቸው መስኮት ላይ ትንሽ ቅርጫት እንድሰቅል ጠየቅኳቸው፤ የተኛ ፍሬም ያለው እንዲያስቀምጥበት፣ የቸገረው እንዲያነሳ። “ፍሬሙን ማን ያመጣልሻል?” አሉኝ።

እኔው ራሴ ቤት ለቤት እየዞርኩ ልጠይቅ ወስኛለሁ። በየበሩ ላይ እንደ ዶሮ መመላለሴ አይቀርም፤ ግን አንኳኳለሁ። ስለዚህ ተረቴን አትመልሱልኝ፤ በራችሁን ሳንኳኳ መሳቢያችሁን ክፈቱልኝ።